ከዳጉ ጋር እሽቅድምድም

ሰው በአርባ ዓመቱ መሮጥ የሚጀምረው ወይ ሐኪም አስፈራርቶት ነው፣ ወይ አፉ አምልጦት ነው። እኔ ስኳሬም ግፊቴም ደህና ናቸው፤ አፌ ነው ያመለጠኝ። ጊዜ ካላችሁ ላጫውታችሁ። ከሌላችሁም ላጫውታችሁ ነው፤ አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ የጀመርኩትን መጨረስ ደግሞ አዲሱ አመሌ ነው።

ሰመራ የአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ገቢ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ በመሃል ፋይል ይጠፋል፣ እፈልጋለሁ። ከኮምቦልቻ ስመጣ ለስድስት ወር ብዬ ነበር፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። የምወዳት እታገኝ ደግሞ አዋሽ ሰባት የሂሳብ መምህርት ናት። የተዋወቅነው አውቶቡሳችን ገዋኔ ላይ ጎማው ፈንድቶ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ከቦ ሹፌሩን ሲራገም እሷ ጥላ ፈልጋ ቁጭ ብላ የተማሪ ፈተና ታርማለች። እንዲህ ያለ እርጋታ አይቼ አላውቅም። እስክሪብቶዋ ወደቀ፣ አነሳሁላት፣ በዚያው ቀረሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ አዋሽ ስመላለስ ቆየሁና አንድ ቅዳሜ ምሳ በልተን ስንጨርስ «እንጋባ» አልኳት። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። እጇን ታጠበች፣ በሶፍት አደራረቀች፣ ከዚያ ጣቶቿን ትቆጥር ጀመር።

«ኮምቦልቻ ቤት ጀመርክ። መሠረቱ ወጥቶ ብረቱ እንደቆመ ስድስት ዓመቱ።»

«ሲሚንቶ ተወደደ እኮ…»

«ኤክስቴንሽን ጀመርክ። ሁለት ኮርስ ሲቀርህ ተውከው።»

«መምህሩ ተቀየረ…»

«መንጃ ፈቃድ ጀመርክ፤ የጽሑፉን አልፈህ የተግባሩ ቀን ተኛህ። ክራር ገዝተህ አንድ ቅኝት ተማርክና ግድግዳ ላይ ሰቀልከው። ኧረ ጥርስህን እንኳ! ሐኪሙ ሦስት ቀን ተመላለስ ቢልህ ሁለቱን ሄደህ በግማሽ ሙሌት ትዞራለህ።»

እውነቷን ነው። በግራ በኩል አላኝክም።

«እኔ ጅምር ሆኜ መቅረት አልፈልግም» አለች። እዚህ ላይ ድምጿ ወረደ። «አንድ ነገር ጨርሰህ አሳየኝ። የፈለገው ይሁን። ያኔ መልሴን እነግርሃለሁ። ካልጨረስክ ግን ከእንግዲህ በዚህ ሙቀት አትመላለስ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «ኤክስቴንሽኑን እጨርሳለሁ» ትላላችሁ። ሁለት ኮርስ ነው! ጤነኛ ሰው እንዲያ ነው የሚለው። እኔ ግን ከራሷ በላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነበር፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ይሮጡ ነበር፣ ከአፌ የወጣውም «ማራቶን!» ነበር።

ዞር ብላ ቴሌቪዥኑን አየች። ተመልሳ ሆዴን አየች። «አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመቶ ዘጠና አምስት ሜትር ነው» አለች። «ኪሎ ሜትሩን ሮጠህ ሜትሩን እንዳትተወው።»

ሰመራ እንደተመለስኩ ጉዴን ለደጀኔ ነገርኩት። ደጀኔ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው፣ የአርሲ ልጅ። አርሲ ተወልዶማ ሩጫ አያጣውም ብዬ አሰልጣኝ ሁነኝ አልኩት። እሱም እስከዛሬ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ሩጫ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ነግሮኝ በማግስቱ ፊሽካ ገዝቶ መጣ። ደጀኔ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሮጠ፣ እሱም ከውሻ እንደነበረ፣ ውሻውም እንደደረሰበት የሰማሁት በኋላ ነው።

ነሐሴ ላይ ጀመርን። ነሐሴ! ሰመራ በነሐሴ ምን እንደምትመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሥራ ገብታለች፤ እንደ እኛ ሻይ ልጠጣ፣ ፊርማ ልፈርም የለም። ከሎግያ ገበያ የገዛሁት ጫማ በሦስተኛው ቀን ሶሉን አስፋልት ላይ ትቶ ላይኛው ብቻ ከእኔ ጋር ቤት ገባ። የደጀኔ አሠለጣጠን ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። «አሰልጣኝ ከፊት ነው» ይልና ባጃጁን ከፊቴ ይነዳል፣ በአንድ እጁ መሪ በአንድ እጁ ሳምቡሳ ይዞ። እኔ ጭሱን እየማግሁ ከኋላ እከተላለሁ። «ትንፋሽህን አስተካክል!» ይለኛል አፉ እንደሞላ። የማስተካክለው ትንፋሽ መቼ ተረፈኝና?

ግን ጉድ የሠራኝ ሙቀቱም ጫማውም አይደለም። ጉድ የሠራኝ ሰላምታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ወደ ሎግያ በሚወስደው መንገድ ስሮጥ ግመሎቻቸውን የሚነዱ ሼህ ዳውድ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን አነሱልኝ። እጄን አውለብልቤ አለፍኩ። ትንሽ እልፍ ብሎ ሁለት ጎልማሶች እጃቸውን ዘረጉልኝ። ደጀኔ «እንዳትቆም! ሰዓት እየሄደ ነው!» ብሎ ፊሽካውን ነፋ። እነሱንም አለፍኩ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ሰው አለፍኩ። አፋር ምድር ላይ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ነኝ ይህን የሠራሁት፤ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

እዚህ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ተገናኝቶ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ይቆማል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ ዳጉ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት አለ? ማን ታመመ? ማን ወለደ? ያየኸውንና የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትሰጣለህ፣ የሱን ትቀበላለህ፣ ቀጥሎ ለምታገኘው ታደርሳለህ። መዋሸት የለም፣ መደበቅም የለም። ዳጉ ሳይሰጥ እየሮጠ የሚያልፍ ሰው አንድም የያዘው ዜና ለመናገር የሚከብድ ነው፣ አንድም ዜናው ራሱ ነው።

እኔ ዜናው ሆንኩ። ዜናው ደግሞ አንዲት የተጋነነች ነገር አልነበረባትም፦ «ቁምጣ የለበሰ ወፍራም ሰው ባጃጅ እያባረረ ነው። ባጃጁ አልቆመለትም። ነጂው ፊሽካ ይነፋበታል፣ ይበላልም።» ይህችው ናት። ከእኔ ቀድማ ሎግያ ገባች።

ግማሹን ሮጬ ግማሹን ተጎትቼ ሎግያ መግቢያ ስደርስ ደጀኔ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ዙሪያውን ሰው ቆሟል። የባጃጁ ቁልፍ አንድ ሽማግሌ እጅ ነው።

«ይዘንልሃል» አሉኝ ሽማግሌው። «ምንህን ነው የወሰደው?»

«ምንም አልወሰደም፤ አሰልጣኜ ነው።»

«ታዲያ ለምን ታባርረዋለህ?»

«እሱ ነው አባርረኝ ያለኝ።»

ደጀኔን አዩት። ደጀኔ ላብ በላብ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ሁለታችንንም ውሃ አጠጥተው፣ እንደ ሕመምተኛ ደግፈው ባጃጁ ላይ አወጡን።

ቢሮ ስደርስ ሐጂ ሁመድ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሐጂ የቢሯችን ጥበቃ ናቸው፤ የቢሮው ኃላፊ የማያውቀውን ሁሉ ያውቃሉ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም ሐጂ።»

«አስተግፊሩላህ! ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?»

«ለመልመድ ነው።»

«ምን ልትለምድ?»

«መሮጥ።»

ሐጂ ደገሙልኝ። «መሮጥን ለመልመድ ሮጥክ።»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ግባና ጥላ ላይ ተኛ።»

አልተኛሁም፤ አስቀምጬ ከእታገኝ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና ፈረዱ። አንደኛ፣ አሰልጣኙ ከእንግዲህ ከኋላ ይነዳል። ሁለተኛ፣ እኔ መሮጥ እችላለሁ፣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ግን ቆሜ ዳጉ እሰጣለሁ፤ ከዚያ እንደፈለግኩ ልሩጥ። በጣም ቀላል ነገር ይመስላል አይደል?

ሰመራና ሎግያ መካከል ጠዋት ጠዋት ስንት ሰው እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ለመሮጥ አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። «ምን አየህ?» «አስፋልት።» «ምን ሰማህ?» «ፊሽካ።» ሰውዬው እጄን እንደያዘ በሐዘን ያየኛል። ባዶ እጄን ሰው ቤት የሄድኩ ያህል ተሰማኝ። እንግዲያው ከአንዱ የተቀበልኩትን ለሌላው ላድርስ ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። የሼህ ዳውድ ቀይ ግመል ጠፍታለች፤ አንድ ጆሮዋ የተተለተለ ነው። ሎግያ ሠርግ አለ። በላይ በኩል ጎርፍ መንገድ ቆርጧል። ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ በተሰባበረ አፋርኛ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ።

የመዝገብ ቤት አመል ደግሞ አይለቅም። እንዳልረሳ ብዬ ትንሽ ደብተር ቁምጣዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ገቢ ዳጉ፣ ወጪ ዳጉ። ቁጥር፣ የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም። አንድ ቀን ሼህ ዳውድን «ግመሏ ተገኝታለች፣ በገቢ ቁጥር አርባ አንድ ተመዝግቧል» አልኳቸው። «ቁጥሩን ተወውና የት ናት?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ሄደው አገኟት። ከዚያ ወዲህ ሰዉ እኔን መጠበቅ ጀመረ። ሩጫዬ ግን ስንዝር አልተሻሻለም።

በዚህ መሃል የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያርፉባት ዲቾቶ ሄድኩ። ፈልጌ አይደለም፣ ተጭኜ ነው።

የደጀኔ ባጃጅ ጋራዥ ገብታ ብቻዬን በጅቡቲው አቅጣጫ ስሮጥ አንድ ተሳቢ ከኋላዬ ፍሬን ይዞ ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። በኋላ እንደነገረኝ ከማል ይባላል።

«ግባ!»

«አይ፣ አመሰግናለሁ፤ እየሮጥኩ ነው።»

«አያለሁ። ግባ!»

«ማራቶን ነው!»

«እሺ፣ እሺ፣ ማራቶን ነው። ግባ ወንድሜ።» ረዳቱን ቢያየው ረዳቱ ወረደ። ትከሻው የበር ያህል ነው። ብብቴን ይዞ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝና በሩን ዘጋው።

«ወላሂ አንተን ትቼ አልሄድም» አለ ከማል ማርሽ እየቀየረ። «ባለፈው አንዱን ሙቀት መትቶት ሲሮጥ አነጋግሬው አለፍኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።»

«እኔ እኮ ደህና ነኝ! የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ!»

«እሱም እንደዚያው ብሎኝ ነበር።»

ዲቾቶ ድረስ አላወርድም አለኝ። እዚያ እንደደረስን ጭንቅላቴ ላይ ውሃ አፈሰሰልኝ፣ ጥብስ አዘዘልኝ፣ በእጁ አጎረሰኝ፣ ከዚያም ወደ ሰመራ ለሚመለስ ጓደኛው «ይህን ሰውዬ ቤተሰቦቹ ጋ አድርስልኝ» ብሎ በአደራ ሰጠኝ። ስምንት ሰዓት ላይ በቁምጣ ቢሮ ገባሁ። የቀረሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠየቁኝ። «ከፈቃዴ ውጭ በርኅራኄ ዲቾቶ ስለተወሰድኩ» ብዬ ጻፍኩ። ራሴው መዘገብኩት።

ሹፌር ደግሞ ወሬ ሲይዝ የሚያራግፈው ከጭነቱ በፊት ነው። በሳምንቱ እታገኝ ደወለች።

«አዋሽ ቁርስ ቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ እብድ ነው» አለች። «ሰመራ በቁምጣ እየሮጠ የሰው ግመል ሲቆጥር ይውላል አሉ። አንተ ነህ?»

«አልቆጥርም፤ እመዘግባለሁ እንጂ።»

ሳቀች። ብዙ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታችና «አትተወውም አይደል?» አለችኝ። የመምህርት ድምፅ አልነበረም፤ የምትለምን ሰው ድምፅ ነበር።

ያን ቀን ገቢውን ወጪ ላይ፣ ወጪውን ገቢ ላይ ስመዘግብ ዋልኩ። ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ሩጫውን አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ እሷንም እንደ ክራሩ ሰቅዬ እንዳልቀር ነው የፈራሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አልቀረሁም።

ጥር ገባ፣ አየሩ ትንሽ ለዘብ አለ። መንገዱን ደጀኔ በባጃጁ ለካው፦ ከቢሮው በር ተነስቶ፣ ሎግያን አልፎ፣ በሚሌው መንገድ አሮጌ ጎማ እስካስቀመጠበት ድረስ፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው በር። እታገኝ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላ ከዋዜማው ጀምራ ሰመራ ገብታለች። ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ተገኘች። ሐጂ ሁመድ የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላት። የጫማዬን ክር አየችና «አጥብቀው» አለችኝ ብቻ።

ሐጂ ቀድመው መልእክት ልከው ኖሮ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ለዛሬ ብቻ ዳጉውን አሳጠረልኝ። አንዳንዱ አብሮኝ እየሮጠ ይነግረኛል፤ አንዱ በትሩንም ጫማውንም እንደያዘ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሸኘኝ። ጎማው ጋ ደርሼ ዞርኩ። ደጀኔ ከኋላዬ በጀሪካን ውሃ ይደፋብኛል። ሎግያን ስመለስ እግሬ የኔ መሆኑ አጠራጠረኝ። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከአንዲት ፍየል ጋር ተጣላሁ፤ በምን እንደሆነ አላስታውስም፣ ደጀኔ ነው የነገረኝ። ነፍሴ ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ነበር። ያም ሆኖ እሮጣለሁ፤ መልሷን አላውቅማ!

የሰመራ ቤቶች ከታዩኝ በኋላ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረኝ፣ ሼህ ዳውድ መንገድ መሃል ቆመው አገኘኋቸው። እጄን ያዙ።

«ዳጉ አለኝ።»

«ሼህ ዳውድ፣ እባክዎ፣ ነገ…»

«ያንተው ነው» አሉ። «ቢሮው በር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ከአዋሽ ናት። ሐጂ ሁመድ ዳጉ ጠየቃት። እሷም ‹መልሴ እሺ ነው። ቢጨርስም እሺ ነው፣ ባይጨርስም እሺ ነው። ከአዋሽ ስነሳ ወስኛለሁ። ለሱ ግን እንዳትነግሩት› አለች። ይኸው ነው።»

«እንዳትነግሩት ብላ የለ እንዴ?»

«ብላለች። እሱንም ነገርኩህ። ዳጉ አይቀነስም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ፤ ክርስቲያን ነኝ፣ ቅርብ ያገኘሁት ግን እሱን ነበር። ደስታው ከራሴ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። እግሬ ጋ ሲደርስ እግሬም ሰማ። አለቀ። መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አይቼ ቁጭ አልኩ።

ደጀኔ ባጃጁን አቁሞ ሮጦ መጣ። «ምን ሆንክ?»

«እሺ ብላለች! ብጨርስም ባልጨርስም!»

አቀፈኝ። ሳምቡሳ ሰጠኝ፣ በላን። «በል ግባ፣ በባጃጅ እንሂድ፣ ምን አደከመህ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ምን አደከመኝ? ድንጋዩን ተደግፌ ለመነሳት ስሞክር ወደ ሰመራ በኩል ቀና አልኩ። ሼህ ዳውድ አንድ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው እጅ ጨብጠው እያወሩ ነው። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ ሞተሩን አስነሳና ወደ ሰመራ በረረ።

ምን እንደያዘ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። «ተቀምጧል።» ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አፈርኩ። ሴትየዋ ሦስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር አቋርጣ መጥታ፣ የሰው ወንበር ላይ ፀሐይ እየበላት፣ ይህ ሰውዬ ጨርሶ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። እኔ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቶኝ ሳምቡሳ እበላለሁ። በባጃጅ ብሄድ ደግሞ «በባጃጅ መጣ» የሚለው ቀድሞኝ ይደርሳል። እዚህ አገር አቋራጭ የለም።

ተነሳሁ። ስነሳ ጉልበቴ የተንጣጣውን የሼህ ዳውድ ግመሎች ሳይሰሙት አልቀሩም። ሮጥኩ። ሩጫ አልኩት እንጂ ምን እንደሚባል እንጃ፤ አንዱ እግሬ ይሄዳል፣ ሌላውን እጎትታለሁ። አንድ ሰው እጁን ዘረጋልኝ፣ አለፍኩት። ሌላም አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ መቆም አልችልም!» ብዬ ጮህኩ።

«ሂድ!» አለኝ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ። «ሂድ፣ እኛ እናደርሳለን!»

በሩ ጋ ስደርስ እታገኝ ቆማለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ሐጂ ሁመድ መሬት መሬት ያያሉ።

«ተቀመጠ አሉኝ» አለች።

ትንፋሽ ስላልነበረኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሺ ማለቴን ሰምተህ ነው የተቀመጥከው?»

መዋሸት አማረኝ፤ ግን ነቀነቅኩ።

«አቅም ቢያጥርህ እሺ ነበር፤ እሺ ስላልኩ ብትቀመጥ ግን ቦርሳዬን አንስቼ ልሄድ ነበር» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ይታገላል። «ሐጂ ‹ልጄ፣ ትንሽ ቆዪ፣ ሌላ ዳጉ እየመጣ ነው› አሉኝ። ቆየሁ። ተነሳ አሉኝ።»

እጄን ዘርግቼ ወደሷ ልሄድ ስል ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና የቢሮውን በር አሳየችኝ። ሦስት እርምጃ ይቀራል።

ሄጄ ነካሁት።